ሥዕሉና ብረቱ እንዲስማሙ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ክብ ብረት ነው። ብረቱ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ሆኖም እርሱ በመሰንጠቁ አንድ የሽንኩርት ማሳ ውሃ አጣ፤ እኛም ምትኩን ለመሥራት ስንነሣ ተሳሳትን፤ ከስሕተታችንም በክፍል ውስጥ ያላገኘነውን ትምህርት አገኘን። ትምህርቱም ይህ ነው፤ በኮምፒዩተር የሚሣለው ሥዕልና ብረት ቈራጩን መኪና የሚያዝዘው ጽሑፍ ካልተሳሰሩ፥ ሁለቱም ለየራሳቸው ትክክል መስለው ሥራው ይበላሻል።

አገራችንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የቆቦና የራያ ቆላ ከምዕራብ ተራሮች በሚወርዱት በሆርማትና በጎሊና፥ እንደ እነርሱም ባሉ ወንዞች የሚኖር ሜዳ ነው፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጠብቀዋል። አባቶቻችን ክረምት ሲገባ ጎርፉን ከወንዙ እየጠለፉ ወደ ማሽላ ማሳቸው ያስገቡ ነበር፤ ዛሬም ያስገባሉ። በኋላ ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረው፥ ፓምፕ ገብቶላቸው፥ በበጋም ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበቅልበት ዘመን መጣ። በወንዝ ዳር ያለውም ገበሬ ትንሽ የሞተር ፓምፕ ገዝቶ ማሳውን ያጠጣል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የጎርፍ መጥለፊያ ቢፈርስ ጐረቤት ተጠራርቶ በእንጨትና በድንጋይ ያቆመዋል፤ የፓምፕ ብረት ሲሰበር ግን ጐረቤት ሁሉ ቢሰበሰብ ምንም አያደርግለትም። ዕቃው ከሩቅ አገር የመጣ ነውና ምትኩም ከሩቅ ይጠበቃል።

መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ የዚህ አገር ልጆች ከሌላው ይልቅ እናውቃለን። በሐምሌ 2013 እና እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ፤ ያን ጊዜ ከሌላ ከተማ የሚመጣ አንድ ቡሎን እንኳ እንደ ወርቅ ሆነ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለ ተወሰነ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ የተሰበረውን ብረት በአገር ውስጥ መሥራት ለእኛ የጨዋታ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ታሪካችን እንግባ። በታኅሣሥ ወር የአንዱ ጓደኛችን አባት ከጎሊና ውሃ የሚስቡበት ፓምፕ ቆመ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ፓምፑም ደኅና ነው፤ የተሰነጠቀው ሁለቱን የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ ብቻ ነው። በጋራዥ ሁለት ጊዜ ተበየደ፤ ሁለት ጊዜም ተሰነጠቀ። ብቻውን የሚሸጥ ሰው አልተገኘም፤ ፓምፑን በሙሉ ግዙ ተባሉ። በዚያን ጊዜ የክበባችን አምስት ልጆች በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሥዕል መሣል ጀምረን ነበርና፥ «እኛ እንሥለዋለን፤ በሙያ ማሠልጠኛ ደግሞ በቍጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ አለ፤ እዚያ ይቈረጣል» ብለን በኩራት ተናገርን። አባትዬውም፥ «ልጆቼ፥ ተባረኩ፤ ብቻ ሽንኩርቱ ተተክሏልና ቶሎ በሉ» አሉን።

ይህ በቍጥር የሚታዘዝ መኪና፥ በተለምዶ ሲ.ኤን.ሲ. የሚባለው፥ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የላሊበላን ጠራቢዎች አስቡ። ቤት የሚገነባ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራል፤ ቢሳሳት አፍርሶ ይደግማል። የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከአንድ ወጥ ዓለት የማይፈለገውን እየቀነሱ ሠሩ፤ አንድ ዓምድ ያለ ቦታው ቢቈረጥ መልሶ የሚቀጥለው የለም። ፍሬዛና ቶርኖም እንዲሁ በመቀነስ የሚሠሩ ናቸው። በዱሮው ፍሬዛ እጀታውን የሚያዞረው ሠራተኛው ነው፤ በአዲሱ ግን ሞተሮች ያዞሩታል፤ ሞተሮቹንም የሚያዝዛቸው የተጻፈ ቍጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ፍሬዛ ለሕዝብ ታየ፤ የአሳቡ ጀማሪ ጆን ፓርሰንስ ለሄሊኮፕተር ክንፍ የሚሠራ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዳግላስ ሮስና ባልደረቦቹ ለእንዲህ ያለው መኪና መጻፊያ የሚሆነውን ኤ.ፒ.ቲ. የተባለ ቋንቋ ሲያስተዋውቁ፥ ለእንግዶች የሰጡት ስጦታ በዚያው ቋንቋ ታዝዞ የተቈረጠ የአሉሚኒየም የሲጋራ መተርኰሻ ነበር።

ሥዕሉ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በዚያው ተቋም በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የሚሣልበትን ስኬችፓድ የተባለ ሥራ አቀረበ። በፈረንሳይም የሬኖ መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ የመኪናን ገላ ጕብጠት በሒሳብ የሚጽፍበትን ዘዴ ሠራ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሣለውን ካድ ይሉታል፤ ከሥዕሉ ተነሥቶ የመቁረጫውን መንገድ የሚያወጣውን ካም ይሉታል። እንግዲህ ነገሩ ሦስት ነው፤ ሥዕሉ፥ መንገዱ፥ መኪናው። በሦስቱ መካከል ሁለት ድልድይ አለ፤ እኛ የወደቅነው ከመጀመሪያው ድልድይ ላይ ነው።

የመጋጠሚያችን ልክ እንዲህ ነበር። የውጭ ክቡ 120 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር፥ በዙሪያው ስድስት የቡሎን ቀዳዳዎች፥ በመካከሉ የሻፍት ቀዳዳ፥ በዚያም ላይ 8 ሚሊሜትር የሆነ የሽብልቅ ቦይ። የስድስቱ ቀዳዳዎች ማዕከል 90 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው። በእጅ ቢሠራ ስድስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ማስላት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ከመካከሉ 45 ሚሊሜትር ርቆ ቢገኝ፥ ሁለተኛው በአንድ ወገን 22.5፥ በሌላው ወገን 38.971 ሚሊሜትር ላይ ይሆናል። ይህ በሒሳብ ክፍል የተማርነው ሳይንና ኮሳይን ነው፤ ካም ግን ከሥዕሉ አንብቦ ራሱ ያሰላዋል።

ሆኖም ካም ከሥዕሉ የማያገኘው ነገር አለና ሰው ሊነግረው ይገባል። አንደኛ፥ የሚቈረጠው ጥሬ ብረት ስንት እንደሚያህልና በምን እንደ ተያዘ። ሁለተኛ፥ የልኩ መነሻ ዜሮ በብረቱ ላይ የት እንደ ሆነ። ሦስተኛ፥ መቁረጫው ስንት እንደሚወፍር፤ 10 ሚሊሜትር በሆነ መቁረጫ 120 ሚሊሜትር የሆነውን ውጫዊ ክብ ለመቁረጥ የመቁረጫው ማዕከል በ60 ሳይሆን በ65 ሚሊሜትር ሬዲየስ መዞር አለበት፤ ውስጡን ለመቁረጥ ግን ወደ ውስጥ 5 ሚሊሜትር ይገባል። አራተኛ፥ ፍጥነቱ። በእንዲህ ያለው መቁረጫ ተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ቢቈረጥ፥ 25,000ን ለ31.416 ስናካፍል በደቂቃ 800 ዙር ያህል ይሆናል። ከዚህ እጅግ ካለፈ መቁረጫው ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ካም መንገዱን አውጥቶ መኪናው በሚያውቀው ፊደል ይጽፈዋል። ጂ0 ማለት ሳትቈርጥ ፈጥነህ ሂድ፥ ጂ1 ማለት በቀጥታ እየቈረጥህ ሂድ፥ ጂ2 ማለት በሰዓት አቅጣጫ ዙር፥ ጂ3 ማለት በተቃራኒው ዙር ነው። ጂ21 ልኩ በሚሊሜትር መሆኑን፥ ጂ20 በኢንች መሆኑን ይናገራል፤ ይህን አንድ ቃል የሳተ ሰው 25.4 ጊዜ ይስታል። ይህ ጽሑፍ ከመኪና መኪና ጥቂት ይለያያል። የጎጃምና የወሎ ሰው በአንድ አማርኛ ሲነጋገሩ አንዳንድ ቃል እንደማይገጥም፥ የፋኑክና የሲመንስ መቈጣጠሪያም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ካም ለየመኪናው የሚስማማ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ድልድይ ይህ ነው።

አሁን ስሕተታችንን እንናዘዝ። የተሰነጠቀውን ብረት በካሊፐር ስንለካ የሻፍቱ ቀዳዳ 28.4 ሚሊሜትር ሆነ፤ እንዳገኘነው ሣልነው። ሥዕሉን ለብቻው በፍላሽ ገልብጠን ወደ ማሠልጠኛው ወሰድን፤ እዚያም በዚያ ግልባጭ ላይ የመቁረጫው መንገድ ተሠራ። በዚያች ማታ ከመካከላችን አንዷ፥ «ብረቱ እኮ የተበላ ነው፤ ለምን ሻፍቱን ራሱን አንለካም?» አለች። ያልተበላውን ጫፍ ስንለካ ልክ 28 ሚሊሜትር ነበር። ተደስተን ሥዕሉን በኮምፒዩተራችን አረምን፤ በወረቀት አወጣነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ወስደን በመኪናው አጠገብ ለጠፍነው። ሁላችንም አነበብነው፤ 28 ይላል። መኪናው ተነሣ፤ ውሃው እየፈሰሰ፥ ብረቱ እየተላጠ፥ ዓይን የሚያስደስት ሥራ ሠራ። ሻፍቱን ብናስገባው ግን ተወላወለ። ለካነው፤ 28.4 ሆነ።

መኪናው አልዋሸንም። የታዘዘውን ሠራ፤ ትእዛዙ የተጻፈው በትናንቱ ግልባጭ ላይ ነበርና። ወረቀቱ ታርሞ ነበር፥ ሥዕሉ ታርሞ ነበር፥ በመኪናው ልብ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን አልታረመም። እኛ አምስታችንም ወረቀቱን አየን እንጂ ጽሑፉን አላየንም። ማንንም አንወቅስም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ያዳነን ኮምፒዩተር አልነበረም። በዚያው ወርክሾፕ በዱሮ ቶርኖ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ብረቱን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆይተው፥ «ይህ አይጣልም፤ ቀዳዳውን አስፍተን ቡሽንግ እናስገባለታለን» አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ከዚያም ጋሼ የሽብልቁን ቦይ ማዕዘን አሳዩን፤ በሥዕላችን ላይ ስል ማዕዘን ነበር፤ ክብ መቁረጫ ግን በውስጥ በኩል ስል ማዕዘን ሊያወጣ አይችልም። «የሣለው ሰው መቁረጫውን አያውቀውም» ብለው ሣቁና ሞረድ ሰጡን። ቦዩን በሞረድ ስንፍቅ ዋልን፤ እጃችንም ተላጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዕዘን በሣልን ቍጥር ያ ሞረድ ትዝ ይለናል።

መጋጠሚያው ተገጠመ፤ ፓምፑም ውሃ ሳበ። ነገር ግን እኛ በስሕተታችን ያባከንነው ጊዜ ነበረና ከማሳው ከፊሉ ደርቆ ጠበቀን። «አባባ፥ ይቅር ይበሉን፤ ያዘገየነው እኛ ነን» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ የቀረው ይበቃኛል፤ እናንተ ግን ነገሩን አትርሱት» አሉን። ስላልረሳነው ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንደኛ፥ ሥዕሉና የመቁረጫው መንገድ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ማድረግ ነው። በዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች የካሙ ሥራ ከራሱ ከሥዕሉ ጋር ታስሮ ይቀመጣል፤ በሥዕሉ ላይ 28.4 ወደ 28 ሲለወጥ መንገዱም አሮጌ መሆኑ ይታወቃል፥ እንደገናም ይሰላል። ፍሪካድ የተባለው ሶፍትዌር ይህን ሁለቱን በአንድነት የያዘ ሲሆን በነጻ የሚገኝ ነው፤ 1.0 የተባለው እትሙ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለተኛ፥ ሥዕሉን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማሳለፍ ግድ ከሆነ ስቴፕ በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ማሳለፍ ይሻላል፤ በእርሱ ክብ ቀዳዳ ከነማዕከሉ ክብ ሆኖ ይሻገራል። ኤስ.ቲ.ኤል. በተባለው ብናሳልፈው ግን ክቡ ወደ ብዙ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይሰበራል፤ ካሙም ቀዳዳ መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል። ሦስተኛ፥ ማሰሪያው በመኪናው ደጃፍ ያበቃልና፥ በጽሑፉ ራስ ላይ የሥዕሉን ቍጥርና ቀን ጽፎ ከመቁረጥ በፊት ማስተያየት ያስፈልጋል። አራተኛ፥ መጀመሪያ በኮምፒዩተር፥ ቀጥሎም መቁረጫውን ከብረቱ በላይ ከፍ አድርጎ በባዶ አየር ማስሮጥ ነው። አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ የተበላውን ልክ ሳይሆን የታሰበውን ልክ መሣል ነው። ለእንዲህ ያለ ቀዳዳ በሠራተኞች ደንብ የሚፈቀደው ልዩነት ከ28 በላይ 0.021 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እኛ ግን በ0.4 ሳትን። አባቶቻችን አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ያሉት ለእኛ ነበር።

የብረት ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሚስዮን እጅ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ትልቁም ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ፥ እስከዚሁ እስከ ወሎ ምድር፥ ደረሰ። ከ1860 ዓ.ም. በኋላ ግን ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ሥራውም ቀረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶ ወጣቶች የብረት ሥራን በትምህርት መማር ጀመሩ። በአዲስ አበባ የአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ፥ ዛሬ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት የሚባለው፥ ስሙ እንደሚናገረው ለፋብሪካዎች መለዋወጫ እንዲሠራ የቆመ ነው። በእኛው መንገድ ላይ ደግሞ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በኮምቦልቻም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። እንግዲህ መኪናውና መምህሩ ከእኛ እጅግ የራቁ አይደሉም። የጎደለው በመካከል ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም በትክክል የተለካና የተሣለ ሥዕል ነው። የተሰበረ ብረት በጨርቅ ጠቅልለን በአውቶቡስ እንልካለን፤ ልኩን ግን አንልክም።

ስለዚህ ከመሰናበታችን በፊት አንድ ነገር ጀምረን ለመተው አስበናል። በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ የአገራችንን ፓምፖችና ወፍጮዎች ብረት ሥዕል የሚያኖር አንድ ሣጥን ይከፈት ብለናል። በመጀመሪያ የገባው የዚያ መጋጠሚያ ሥዕል ነው፤ ከነካም ሥራው፥ ከነቀኑ፥ ከነስሕተታችን ታሪክ ተቀምጧል። ሌላ ሰው ያው ብረት ሲሰበርበት ሥዕሉ በስልክ ወደ ወርክሾፑ ይሄዳል፤ ሰው አውቶቡስ ሳይጠብቅ ብረቱ መቈረጥ ይጀምራል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፥ ዕቃችሁ ገና ደኅና ሳለ እንድንለካው ፍቀዱልን፤ ከተሰበረና ከተበላ በኋላ እውነተኛው ልክ ይጠፋልና። ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ይህ ሥራ በእኛ መውጣት እንዳይቋረጥ አደራ እንላለን። እናንተም ታናናሾቻችን፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ካሊፐሩን ተረከቡን፤ ሻፍቱን እንለካ ያለችው እኅታችን ባትኖር ስሕተታችንን እስከ ዛሬ ባላወቅን ነበር።

የዘንድሮው ሽንኩርት ያለ እኛ ስሕተት ውሃ እንዲጠጣ፥ የሚመጣው ዓመትም ከዚህ የተሻለ ሥራ የምታሳዩበት እንዲሆን እንመኛለን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።